ያልመረጥኩት ሰው አሸነፈ፤ እሁድ ምን ብዬ ልጸልይ?

ፍሉድ ታውቃላችሁ አይደል? ቢሮ ውስጥ የተሳሳተ ጽሑፍ የምንቀባበት ነጩ ነገር። ሲደርቅ እንደ ኖራ ይሰነጠቃል። አንድ የአፍሪካ ፕሬዚዳንት ወንበራቸውን ያጡት በዚህች ትንሽ ጠርሙስ ነው ቢባል ብዙም አልተጋነነም።

አገሩ ማላዊ ነው። ማላዊ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የደቡብ አፍሪካ መንገድ ነው። ከሆሳዕናና ከዱራሜ የተነሱ ልጆቻችን የሚያልፉባት፣ አንዳንዶቹም በመንገድ የቀሩባት አገር። ዛሬ የማነሳት ግን ለሌላ ጉዳይ ነው። ምርጫ አልቆ ውጤት ሲነገር ክርስቲያን ምን ያድርግ ለሚለው ጥያቄ ከማላዊ የተሻለ ምሳሌ በቅርብ አላገኘሁም። ከአራት ማላዊ ሦስቱ ክርስቲያን ነው። ከተወዳዳሪዎቹም አንዱ ፓስተር ናቸው። እኚህ ሰው ተሸንፈዋል፣ ከሰዋል፣ አሸንፈዋል፣ ገዝተዋል፣ መልሰው ተሸንፈዋል። አንድ ሰው በሁሉም ወንበር ሲቀመጥ ማየት ያስተምራል።

ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። የማላዊን ዓመቶች በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

በሜይ 2019 ማላዊ መረጠች። ሥልጣን ላይ የነበሩት የሕግ ፕሮፌሰሩ ፒተር ሙታሪካ 38.57 በመቶ፣ ላዛረስ ቻክዌራ ደግሞ 35.41 በመቶ አገኙ ተባለ። ቻክዌራ ፖለቲካ ውስጥ እስኪገቡ ድረስ የማላዊን አሴምብሊስ ኦፍ ጎድ፣ እኛ ጉባኤ እግዚአብሔር የምንላትን ቤተ ክርስቲያን፣ ለ24 ዓመት መርተዋል። በ2014ም በሙታሪካ ተሸንፈው ነበር። አሁን ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። የድምፅ ውጤት የተሞላባቸው ብዙ ቅጾች ላይ ፍሉድ ተገኘ። ቁጥር ተቀብቶ በላዩ ሌላ ቁጥር ተጽፏል። ሕዝቡም በፍሉዱ የንግድ ስም ምርጫውን “የቲፕ-ኤክስ ምርጫ” ብሎ ቀለደበት።

ቻክዌራና ሦስተኛ የወጡት ሳውሎስ ቺሊማ ፍርድ ቤት ሄዱ። ሰዉም ለወራት ሰልፍ ወጣ። ሰልፉ ሁሉ ሰላማዊ ነበር ብዬ አልዋሽም፤ ደም ፈሷል። በፌብሩዋሪ 3 ቀን 2020 አምስት ዳኞች ጥይት መከላከያ ለብሰው፣ በወታደር ታጅበው ችሎት ገቡ። ፍርዱ ተነብቦ እስኪያልቅ አሥር ሰዓት ገደማ ፈጀ። ምርጫው ተሰረዘ። በጁን ሲደገም ቻክዌራ 59 በመቶ ገደማ አግኝተው ፕሬዚዳንት ሆኑ።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ለስብከት እንዴት ያምር ነበር! የእግዚአብሔር ሰው ተበደለ፣ ታገሠ፣ ነገሠ። ግን አላለቀም። ኑሮ ተወደደ። ነዳጅ ጠፋ። በ2023 ፍሬዲ የተባለው አውሎ ነፋስ ደቡቡን አወደመው። የገንዘባቸው የክዋቻ ዋጋ አሽቆለቆለ። ምክትል ፕሬዚዳንት የሆኑት ቺሊማ በጁን 2024 በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። በሴፕቴምበር 2025 ሕዝቡ ሙታሪካን መልሶ መረጠ፤ በ85 ዓመታቸው፣ በ56.8 በመቶ። ቻክዌራ ያገኙት 33 በመቶ ነው። የመጨረሻው ውጤት ይፋ ከመሆኑ በፊት በቴሌቪዥን ቀርበው ሽንፈታቸውን አመኑ። ለሙታሪካ ደውለው መልካም እንደተመኙላቸውም ተናገሩ።

አሁን ጥያቄው ይምጣ። በ2020 ፓስተሩን የሾመ እግዚአብሔር ነው ያልን እንደሆነ፣ በ2025ስ? አወረዳቸው? ወይስ ያኔ እሱ ነበር፣ አሁን ሕዝቡ ነው?

“የሕዝብ ድምፅ የእግዚአብሔር ድምፅ ነው” ሲባል ትሰማላችሁ። እንደ አባባል ያምራል። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ግን የለም። ሕዝብ ተሰብስቦ ድምፁን ከፍ አድርጎ “በርባንን ፍታልን” ያለበት ቀን አለ። ስለዚህ ብዙ ድምፅ ማግኘት በሕግ ፊት ሥልጣን ይሰጣል፤ ሰውየው ትክክል መሆኑን ግን አያረጋግጥም። የተሸነፈውንም እግዚአብሔር ትቶታል አያሰኝም።

“ሮሜ 13ስ?” የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ “ከእግዚአብሔር ካልተገኘ በቀር ሥልጣን የለምና” ይላል። ይህን ጥቅስ የሚወዱት ብዙውን ጊዜ ያሸነፉት ናቸው። በሚቀጥለው ምርጫ ሲሸነፉ ይረሱታል፤ ያኔ ጥቅሱን ከመሬት የሚያነሱት የትናንት ተሸናፊዎች ናቸው። እኔ በሕይወቴ ይህ ጥቅስ እጅ ሲለዋወጥ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ጳውሎስ ሮሜን ሲጽፍ ንጉሡ ኔሮን ነበር። ኔሮንን ማንም አልመረጠውም። በኋላም ጳውሎስ የተገደለው በዚያው በኔሮን ዘመን እንደሆነ የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይነግረናል። እንግዲህ ሐዋርያው “ሥልጣን ከእግዚአብሔር ነው” ሲል “ቄሣር የሚያደርገው ሁሉ ደግ ነው” ማለቱ ሊሆን አይችልም። እዚያው ምዕራፍ ላይ ባለ ሥልጣኑን “ለመልካም ነገር ለአንተ የእግዚአብሔር አገልጋይ ነውና” ይለዋል። አገልጋይ አለቃ አለው ማለት ነው። ሒሳብ ይጠየቃል። ደግሞ ሮሜ 13 ያለበት መጽሐፍ ቅዱስ ራእይ 13ም አለበት። እዚያ መንግሥት ከባሕር የሚወጣ አውሬ ነው። ብዙ መምህራን ያ አውሬ ያችኑ ሮምን ይመለከታል ይላሉ። አንዱን ምዕራፍ ይዞ ሌላውን የሚዘል ሰው፣ ጥቅሱን ሳይሆን ፓርቲውን ነው የሚያነበው።

ከሳሾቹ እነቻክዌራስ? አጠፉ? “ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ” ይላል ያገራችን ሰው። ጳውሎስ ግን እዚህ ላይ ከአበው ጋር አይስማማም። የሮም ገዥው ፊስጦስ ወደ ኢየሩሳሌም ሊልከው ሲያባብለው “ወደ ቄሣር ይግባኝ ብዬአለሁ” ነው ያለው። ዜግነቱ የሰጠውን መብት ተጠቀመ። “እግዚአብሔር ይፈርዳል” ብሎ ዝም አላለም። ይግባኝ ማለት እምነት ማጣት አይደለም። ውጤትን በሕግ መጠየቅ ዓመፅ የሚመስላቸው ምእመናን አሉ፤ አይደለም።

ግን ልዩነቱን ልብ በሉ። ማላዊዎቹ ችሎት የቀረቡት ወረቀት ይዘው ነው። ቅጹ ይኸው፣ ፍሉዱ ይኸው፣ የተቀባው ቁጥር ይኸው ብለው። እኛ ግሩፕ ላይ ደግሞ ቆጠራው ሳያልቅ “ተሰርቋል!” የሚል ድምፅ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ፎቶ አያይዞ ይለቀቃል። ሃምሳ ሰው ሼር ያደርገዋል። ግማሹ ዲያቆን፣ ግማሹ ዘማሪ ነው። በሐሰት አትመስክር የሚለው ትእዛዝ ፎርዋርድ ሲደረግ አይሠራም ያለው ማነው? ውጤቱ ንጹሕ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ አንድ ነገር ነው። ስላልወደድኩት ብቻ ቆሻሻ ነው ማለት ሌላ ነው። ቻክዌራ በ2019 ከሰሱ፤ በ2025 ሽንፈታቸውን አመኑ። ሁለቱም ከአንድ ሰው መምጣቱን ነው የምወደው።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልግባ፤ ትንሽ ታገሡኝ።

ስለ ምርጫ ውጤት ስናወራ ሁሌ ሮሜ 13 ላይ እንጣዳለን እንጂ አንደኛ ሳሙኤልን የሚከፍት ጥቂት ነው። ከምዕራፍ 8 እስከ 12 በአንድ መቀመጫ አንብቡት፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ሕዝቡ “እንደ አሕዛብ ሁሉ ንጉሥ አንግሥልን” አለ። እርግጥ ሳኦል የወጣው በዕጣ ነው እንጂ ኮሮጆ አልተቆጠረም። ሆኖም ነገሩ የሕዝብ ፍላጎትና የነቢዩ ፍላጎት የተጋጩበት ነው። ሳሙኤል ተሸነፈ። ልጆቹም ጉቦ ይበሉ ስለነበር ሕዝቡ ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ማለት አይቻልም፤ መጽሐፉ ይህን አይደብቅም።

ሳሙኤል መጀመሪያ እውነቱን ተናገረ። ይህ ንጉሥ ወንዶች ልጆቻችሁን ለሠረገላው፣ ሴቶች ልጆቻችሁን ለወጥ ቤቱ ይወስዳል፤ እርሻችሁን ለሹሞቹ ይሰጣል፤ ከእህላችሁ አሥራት ያስገባል አላቸው። አልሰሙትም። ከዚያ አኩርፎ ቤቱ አልገባም። ዘይቱን ያዘና ሳኦልን በገዛ እጁ ቀባው። ያልፈለገውን ሰው ራሱ ቀባ!

ቀጥሎ ያደረገው ደግሞ ይበልጣል። ሥልጣኑን ሲያስረክብ በሕዝቡ ፊት ቆሞ “የማንን በሬ ወሰድሁ? የማንንስ አህያ ወሰድሁ?” አለ። ኦዲት በሉት። በዳይ ከሆንኩ መስክሩብኝ፣ እመልሳለሁ ማለቱ ነው። ሕዝቡም ምንም አልወሰድክም ብሎ መሰከረለት። ከሥልጣን የሚወርድ ሰው፣ ወይም እጩው የተሸነፈበት ደጋፊ፣ ከዚህ ጥያቄ ቢጀምር ስንት ነገር ይቀል ነበር። እኛ ግን የምንጀምረው “ማን ሸወደን?” ከሚለው ነው።

ከዚያ ምዕራፍ 12 ላይ ሳሙኤል ስለ እናንተ መጸለይን ትቼ እግዚአብሔርን እበድል ዘንድ ይህ ከእኔ ይራቅ ይላል። ቃሉን ልብ አድርጉት። አለመጸለይ በደል ነው እያለ ነው። ጸሎቱን ግን ከጭብጨባ ጋር አላጣበቀውም። ሳኦል ሲሳሳት ፊት ለፊት የገሠጸው ይኸው ሳሙኤል ነው። ሳኦል ሲወድቅም ያለቀሰለት እሱ ነው፤ “እስከ መቼ ታለቅስለታለህ?” እስኪባል ድረስ። ላልመረጠው ሰው! “የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል” በሚባልበት አገር ለኖርን ይህ እንግዳ ነገር ነው።

ያሸነፉትስ? ለነሱም እዚያው አለ። ሳኦል ሲነግሥ አንዳንዶች “ይህ ሰው እንዴት ያድነናል?” ብለው ናቁት። እጅ መንሻም አላመጡለትም። ሳኦል ዝም አለ። በኋላ ጦርነት አሸንፎ ሲመለስ ደጋፊዎቹ “እነዚያን አምጡልን እንግደላቸው” አሉ። ሳኦል ዛሬ አንድም ሰው አይሞትም ብሎ ከለከላቸው። ሳኦል ከሠራቸው ነገሮች ሁሉ ያቺ ቀን ትበልጥብኛለች። ያሸነፈ ክርስቲያን የመጀመሪያ ሥራው የራሱን ሰፈር ልጆች መያዝ ነው።

ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ “ስለ ነገሥታትና ስለ መኳንንት ሁሉ” ይጸለይ ሲለው “ስለወደዳችኋቸው” አላለም። ኦርቶዶክሱም ቅዳሴ ላይ፣ ፕሮቴስታንቱም በእሁድ ምልጃ፣ ካቶሊኩም በምእመናን ጸሎት ለአገር ይጸልያል። ችግሩ ምን ብሎ ነው የሚጸልየው የሚለው ነው።

ይህን ያየሁት በኛው በ1997 ነው፣ በራሳችን አቆጣጠር። ግንቦት 7 ተመርጦ አገር በውጤቱ ሲተራመስ የሰፈር የጸሎት ቡድን ነበረን። ረቡዕ ረቡዕ አንዲት እናት ቤት እንሰበሰባለን። እትዬ ነው የምንላቸው። ሁለት የቡድኑ ወንድሞች በፓርቲ ተለያይተው ነበር። አፍ ለአፍ አይጣሉም፤ በጸሎት ነበር የሚጣሉት። አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ “ጌታ ሆይ፣ በጨለማ ያሉ ወንድሞቻችንን ዓይን ክፈት” ይላል። ሌላው አሜን አይልም። ተራው ሲደርስ “ጌታ ሆይ፣ ከአመጽ መንፈስ ጠብቀን፣ በተለይ በመካከላችን ያለውን” ይላል። እኛ ልጆቹ በአንድ ዓይናችን እናጮልቃለን። አንድ ቀን እትዬ ጸሎቱን አቋረጡት።

“ልጆቼ፣ ጸሎት ነው ወይስ ክርክር? ክርክር ከሆነ ዓይናችሁን ገልጣችሁ አድርጉት።”

ቤቱ ጸጥ አለ። ቡናው ሲቀርብ ሁለቱም በረካውን ሳይጠጡ ሄዱ። ታረቁ ብላችሁ እንዳታስቡ፤ ዓመት ፈጅቷል። በዚያ ዓመት አገሪቱ ላይ የሆነውን ታውቃላችሁ። ኋላ ጉዳዩን ያጣራው ኮሚሽን 193 ሰላማዊ ሰዎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን ነው የተናገረው። ከ193ቱም ከ6ቱም ወገን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እናት አለች። ከውጤት ማግስት ባለው እሁድ መድረክ ላይ የቆመ ሰው ይህን ማወቅ አለበት። ስብከቱን የሚሰሙት ያሸነፉ ብቻ አይደሉም፤ ያዘኑ ብቻም አይደሉም።

ማላዊም ከዚህ አላመለጠችም። የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶሶቿ በሰሜን፣ በመካከልና በደቡብ የተከፈሉ ናቸው። የምርጫ ካርታቸውም በዚያው መስመር ይሰነጠቃል። ለመሆኑ ይህ ለኛ አዲስ ነገር ነው? አጥቢያችንን በቋንቋ፣ ቋንቋውን በፓርቲ እያሰለፍን አይደል? ከውጤት ማግስት አንድ ቀላል ፈተና አለ፦ አጥቢያችሁ ውስጥ በተቃራኒው የመረጠ ሰው ደውሎ ያውቃል ወይ? እናንተስ ደውላችሁለታል? ማንም የማይደውልላችሁ ከሆነ ቤተ ክርስቲያናችሁ ምናልባት ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ሆናለች።

ሌላው ጣጣ ትንቢት ነው። ከምርጫ በፊት “እገሌን ጌታ አሳይቶኛል” የሚል ነቢይ አይጠፋም። ያለው ሰው ከተሸነፈ ቪዲዮው ከዩቲዩብ ይጠፋል፣ ይቅርታ ግን አይመጣም። አንደኛ ነገሥት 22ን አንብቡ። አራት መቶ ነቢያት ለአክዓብ “ውጣ፣ ታሸንፋለህ” አሉት። ሚክያስ የተባለ አንድ ሰው ብቻ እምቢ አለ። በጥፊ ተመታ፣ እስር ቤት ገባ። አክዓብ ከጦርነቱ አልተመለሰም። ያልደረሰ ትንቢት የተናገረ አገልጋይ ከውጤት ማግስት ያለበት ግዴታ አንድ ነው፤ በዚያው ማይክ “ተሳስቻለሁ” ማለት። ምእመኑም ይህን መጠየቅ ይችላል። ድፍረት አይደለም።

እስካሁን ያልኩት ግን ፍርድ ቤቱ ለሚሠራበት አገር የሚመች ነው። ዳኛው ራሱ ከተፈራ፣ ቆጣሪውም ተቆጪውም አንድ ከሆነስ? ለዚህም መልስ ያላት ማላዊ ናት። በ1992 አገሪቱን የሚገዙት ካሙዙ ባንዳ ነበሩ። የዕድሜ ልክ ፕሬዚዳንት ተብለዋል፤ የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም ነበሩ። ፓርቲ አንድ ብቻ ነው። በማርች 8፣ የዐቢይ ጾም መግቢያ እሁድ፣ ሰባት የካቶሊክ ጳጳሳት የፈረሙት ደብዳቤ በየደብሩ ተነበበ። ስድብ የለበትም። የሀብታሙና የድሃው ልዩነት ሰፋ፣ ጉቦና ዝምድና በዛ፣ ትምህርት ቤቱና ሆስፒታሉ ወደቀ፣ ሰው መናገር ፈራ የሚል ነው። ጳጳሳቱ ተይዘው ተመረመሩ። ደብዳቤው ታገደ። በዓመቱ በጁን 1993 ግን ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ ሕዝቡ የአንድ ፓርቲ ሥርዓት ይብቃ አለ። በ1994 ባንዳ በምርጫ ተሸነፉና ውጤቱን ተቀብለው ወረዱ። ጳጳሳቱ “ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር ልንታዘዝ ይገባል” የሚለውን ቃል ሲኖሩበት ዱላ አላነሱም፤ ውሸትም አልተናገሩም። እና አንድ የታሪክ ቀልድ ልጨምር፤ ቻክዌራ ኋላ የመሩት ፓርቲ ያው የባንዳ ፓርቲ ነው።

“ታዲያ ምን ብዬ ልጸልይ?” ያላችሁኝ እንደሆነ፣ የኔ እንዲህ ነው የሚሄደው፤ የሚስማማችሁን ውሰዱ። ጌታ ሆይ፣ ይህን ሰው አልመረጥኩትም፤ አንተ ታውቃለህ። ጥበብ ስጠው። እውነቱን የሚነግረው ሰው አጠገቡ አቁምለት። እጁን ከደም ጠብቅ። ድሃውን እንዲያይ አድርገው። ሲያጠፋ እንድናገር አንደበት፣ ሲያለማ እንዳመሰግን ቅንነት ስጠኝ። ስሙን ጠርቼ ስጸልይ መጀመሪያ ጥርሴን ነክሼ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ትንሽ ቀለለኝ። ያው አሁንም አልመርጠውም።

እትዬን ላንሳ። ከዚያች ረቡዕ በኋላ ባለው ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ በራቸው ገርበብ ብሎ ነበር። ተንበርክከው ድምፅ አውጥተው ይጸልያሉ። ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው፤ በስማቸው። እኚህ ሴት እሳቸውን እንዳልመረጡ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሦስት ሰዓት አካባቢ ስመለስ ቀበሌው በር ላይ አገኘኋቸው። በአንድ እጃቸው ባዶ ጀሪካን፣ በሌላው የታጠፈ ማመልከቻ ይዘዋል። ውኃ ከጠፋ ሁለት ሳምንት ሆኖታል።

“አንተ ልጅ፣ ጽሕፈትህ ጥሩ ነው” አሉኝ። “ና እስቲ፣ ‘በአስቸኳይ’ የሚለውን ከሥሩ አስምርልኝ።”